ለቆመ ድርጅት ሸሪክ የፈለግኩበት መንገድ

ደንበኛ ለምዶት ትርፍ እያስገባ ላለ ድርጅት ሸሪክ መፈለግና ሥራ አብሮ የሚጀምር ጓደኛ መፈለግ ይለያያሉ። አብረው የሚጀምሩ ሰዎች ሁለቱም ከዜሮ ይነሣሉ፤ የቆመ ድርጅት ግን ዋጋ አለው፣ አዲሱ ሰውም የሚገባው ያንን ዋጋ ከፍሎ ነው። ስለዚህ ሰው ከማፈላለጌ በፊት ድርጅቱን ለሁለት ሰው እንዲመች ማዘጋጀት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የጎደለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ሥራው እንዲያድግ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ጽሑፉ «ሁለተኛ ማሽን መግዣ አጠረን» የሚል ከሆነ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ይሻላል፤ ብድር ተከፍሎ ያልቃል፣ ድርሻ ግን አያልቅም። በደመወዝ የሚገኝ ሙያ ከጎደለም መቅጠር ነው። ሸሪክ የሚያስፈልገው የጎደለው በወለድም በደመወዝም የማይገኝ ሲሆን ነው፦ የራሱ ደንበኞች ያሉት ሻጭ፣ ወይም ባለቤቱ በሌለበት ቁልፉን ተረክቦ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው።

ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል፤ ብዙ ሽርክና ገና ሳይጀመር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለቤት ለራሱ ደመወዝ ስለማይቆርጥ የሚያየው ትርፍ ከእውነተኛው ይበልጣል። በቁጥር ላሳይ። ዓመታዊ ትርፉ 900,000 ነው እንበል። የባለቤቱን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው በወር 30,000 የሚከፈለው ከሆነ በዓመት 360,000 ይወጣል፤ የድርጅቱ ትርፍ እንግዲህ 540,000 ነው። ድርጅቱ የሦስት ዓመት ትርፉን ያህል ያወጣል ብለን ይህን በ3 ማባዛት ላይ ከተስማማን ዋጋው 1,620,000 ይሆናል። ማባዣው የድርድር ጉዳይ ነው፤ ድርጅቱ ያለ ባለቤቱ መንቀሳቀስ ሲችል ከፍ ይላል፣ ግማሹ ሽያጭ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ይወርዳል።

ለስሌት እንዲመች 1,600,000 ላይ እንስማማ። ሸሪኩ 400,000 ይዞ ሲመጣ ድርሻው ስንት ነው? መልሱ የሚወሰነው ገንዘቡ በሚገባበት ቦታ ነው። ወደ ድርጅቱ ካዝና ከገባ ድርጅቱ 2,000,000 ይሆናል፤ ድርሻውም 20 በመቶ ነው። ባለቤቱ ከድርሻው ቆርሶ ሸጦለት ገንዘቡን በግሉ ከወሰደ ግን ድርጅቱ 1,600,000 ላይ እንዳለ ነው፤ ድርሻው 25 በመቶ ይሆናል። ይህ ሳይነገር ከታለፈ አንዱ 20፣ ሌላው 25 እያሰበ ይፈራረማሉ።

ሰዎቹን ካገኘሁ በኋላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰነድ ሰጠሁ፦ የሦስት ዓመት ሂሳብ፣ የእዳ ዝርዝርና ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ዱቤ ከነዕድሜው። ከዚያ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁ ማየት ነው። «በወር ስንት ይደርሰኛል» የሚል ሰው ገቢ ፈላጊ ነው። ከ90 ቀን በላይ የቆየው ዱቤ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄ ለምን አልተሰበሰበም? ማን ነው የሚከታተለው?» የሚለውን ግን አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ ድርጅቱን ከውስጥ ማየት ጀምሯል።

ምርመራው ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት። የግል እዳው፣ ዋስ የሆነበት ብድር፣ ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ክርክር ካለው ማወቅ መብቴ ነው። ኃላፊነቱ ባልተወሰነ ሽርክና አንዱ በድርጅቱ ስም የገባውን እዳ ሌላው ከግል ንብረቱ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። ሰነዱን ለማሳየት የሚያቅማማ ሰው ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ከዚያ ያለ ድርሻ አብሮ መሥራት ይመጣል። ከ3 እስከ 6 ወር የሚወስድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ክፍያውም በጽሑፍ የታወቀ አንድ ሥራ። እኔ የማየው ትርፉን ብቻ አይደለም። የተናደደ ደንበኛ ሲመጣ ጥፋቱን በሠራተኛ ላይ ያላክካል ወይስ ራሱ ይፈታዋል? መጥፎ ዜና በዚያው ቀን ይነግረኛል ወይስ እኔ ስደርስበት ነው የማውቀው? ሁለተኛው ላይ ምንም አልደራደርም፤ የዘገየ ዜና ገንዘብ ያስከፍላል።

በገንዘብ ፈንታ ጉልበት ይዞ ለሚገባ ሰው ድርሻ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። 20 በመቶ ከሆነ በ4 ዓመት፣ በየዓመቱ 5 በመቶ ይደርሰዋል፤ ዓመት ሳይሞላው ከወጣ ድርሻ የለውም። ደመወዝና የትርፍ ድርሻም ይለያሉ፦ ደመወዝ ለሚሠራ፣ ትርፍ ለባለድርሻ። እነዚህ ሲደባለቁ ብዙ የሚሠራው ያኮርፋል።

እኩል በእኩል መካፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አለመስማማት ሲመጣ ሥራው ይቆማል። ግድ ከሆነ የመጨረሻ ቃል በዘርፍ ይከፈል፦ ሽያጩ ለአንዱ፣ ምርቱ ለሌላው። ብድር፣ ዋስትና፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ዘመድ መቅጠርና ከተወሰነ ጣሪያ በላይ የሆነ ግዢ ግን የሁለት ፊርማ ይፈልጋሉ። ይህንኑ ለባንኩም በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ ውሉ ላይ ብቻ ከቀረ ቼኩን አያስቆመውም።

የመውጫ አንቀጹን ያጻፍኩት ከመግቢያው በፊት ነው። ድርሻ ሲሸጥ ቅድሚያ ለቀሪው ሸሪክ፤ ሞት ቢመጣ ወራሾች የሚወስዱት የድርሻውን ዋጋ እንጂ የአስተዳደር ወንበሩን አይደለም፤ ክፍያው ከ24 እስከ 36 ወር ተከፋፍሎ፣ ካዝናው እንዳይደርቅ። አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በዚያው ዋጋ ልግዛ ወይም ልሽጥ ብሎ ይምረጥ የሚለው ዘዴ የተለመደ ነው፤ ደካማ ጎኑ ጥሬ ገንዘብ ያለው፣ ሌላው መግዛት እንደማይችል እያወቀ ዝቅተኛ ዋጋ መጥራቱ ነው። ለመራጩ 90 ቀን የገንዘብ ማፈላለጊያ ሲሰጠው ይህ ክፍተት ይጠባል። ዋጋውንም ጠብ እስኪመጣ አላቆየውም፤ በየዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ የድርጅቱን ዋጋ ጽፈን ሁለታችንም እንፈርምበታለን።