ሦስት ማታ የበላኝ 127.0.0.1

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ሱቅ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ዳታቤዝ መሥራት ጀመሩ። ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው፤ እንደዚህ ያኮራኝ የለም። ሠንጠረዥ መፍጠሩ፣ ዕቃ መመዝገቡ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስለቀሰኝ አንድ መስመር ነው።

ዳታቤዙ አፓቼ ደርቢ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ሲፈለግ ደግሞ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያስተናግድ ሰርቨር ሆኖ በፖርት (በመግቢያ በር ቁጥር) 1527 ይነሣል። ካልነገሩት ግን ሊስን የሚያደርገው (ጥሪ የሚጠብቀው) 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ ላይ ብቻ ነው። እዚያው ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ይገባል፤ ካሸሯ ጋ ያለው ላፕቶፕ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ይባላል።

ይህን አንብቤ የደርቢ ፕሮፐርቲስ (የቅንብር) ፋይል ላይ ሆስቱን፣ ማለትም የሚቀበልበትን አድራሻ፣ 0.0.0.0 አደረግኩት፤ በሁሉም ኢንተርፌስ (ማሽኑ ባለው የኔትወርክ መግቢያ ሁሉ) ተቀበል ማለት ነው። አስነሣሁት። ሎጉ (ሰርቨሩ የሚጽፈው መዝገብ) በፖርት 1527 ለመቀበል ዝግጁ ነኝ ይላል። ላፕቶፑ ወይ ፍንክች! ፋየርዎል አጠፋሁ፣ ራውተር አጥፍቼ አበራሁ፣ ኬብል ቀየርኩ። በሦስተኛው ማታ አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ደብተሩ ምን አለን?» አለችኝ።

በመጨረሻ ኔትስታት ብዬ፣ ማለትም የትኛው አድራሻና ፖርት ክፍት እንደሆነ በሚያሳየው ትዕዛዝ ሳይ፣ ከ1527 ፊት የተጻፈው አሁንም 127.0.0.1 ነው። ለካ ሎጉ ፖርቱን እንጂ አድራሻውን አይናገርም። ፋይሉንም ደርቢ ጭራሽ አላነበበውም። የሚፈልገው ሲስተም ሆም በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ እሱ ካልተሰየመለት ሰርቨሩ በተነሣበት ፎልደር። እኔ ፋይሉን ከጃር ፋይሎቹ (ከራሱ ከደርቢ የፕሮግራም ፋይሎች) ጎን አስቀምጬ ሰርቨሩን ከዴስክቶፕ ነው የማስነሣው።

ከዚያ ወዲህ ፋይሉን አላምነውም። አድራሻውን ማስነሻ ትዕዛዙ ላይ እጽፋለሁ፣ ዓይኔ እያየው። ደግሞ ሎግ ከማንበባችሁ በፊት ኔትስታት እዩ። 0.0.0.0 የሰነፍ መልስ ነው ባይ ነኝ፤ የምትፈልጉትን አንዱን አድራሻ ስጡት፣ ራውተሩ ላይም ቋሚ አድርጉት።

እኔ ግን ራሴ ለቀናት 0.0.0.0 ላይ ትቼዋለሁ። ደርቢ ካላዘዙት ማንነት አያጣራም፤ የሱቁ ዋይፋይ ቁልፍ ደግሞ ለደንበኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የኬብሉን አድራሻ ብቻ ብሰጠውም አልዳንኩም፤ ዋይፋዩም ኬብሉም ከአንድ ራውተር ነው። ትናንት ማታ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይከፍት አደረግኩት። ዛሬ ጠዋት ስገባ አክስቴ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ከዋይፋዩ ቁልፍ ሥር ለጥፋዋለች።