ከሠርጉ በፊት ወይስ በኋላ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ የቆዳ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ወረፋችን ይረዝማል።

አንድ ቀን እናትና ልጅ መጡ። ሙሽራዋ ልጅቷ ናት፤ ታካሚዋ ግን እናትየዋ። ጉንጫቸውና ዓይናቸው ሥር ጥቁር ጥቃቅን እብጠቶች ወጥተዋል። እንዲህ ያሉት በእኛ ቆዳ ላይ በጣም የተለመዱ ናቸው። በዘር ይወርዳሉ፣ በዕድሜ ይበዛሉ፣ ባይነኩም ጉዳት የላቸውም። እናትየዋ ግን ሰው መክሯቸው ነጭ ሽንኩርት ለጥፈውባቸው አንዱን ጉንጫቸውን አቃጥሏቸዋል። እንዲህ ተቃጥሎ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

«ሠርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ዛሬውኑ ጨርሱልን» አለች ልጅቷ።

ዶክተሩ በማጉያ አንድ በአንድ አያቸው። የሚደማ፣ ቶሎ ያደገ ወይም መልኩ የተለየ ቢኖር ናሙና ይወሰድ ነበር። አልነበረም። ከዚያ የጆሯቸውን የጉትቻ ቀዳዳና ክንዳቸው ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ዳሰሰ። ጠባሳቸው የሚያብጥ ዓይነት ቢሆን ፊታቸውን ባልነካ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ ለሙከራ ሦስት ብቻ፣ ጆሮዎ አጠገብ። ሌላው ከሠርጉ በኋላ» አላቸው።

ልጅቷ ተናደደች። «ሌላ ቦታ በናይትሮጅን በአንድ ቀን ያነሱታል!»

ዶክተሩ አልተቆጣም። የፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ እንደሚደርስ፣ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው በብርድ እንደሚሞቱ ነገራት። እብጠቱ ይሄድና ቦታው ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እኛ በምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ማቃጠያም ቢሆን ቅርፊቱ በሳምንት በአሥር ቀን ይረግፋል እንጂ የሚተወው ጥቁረት ወራት ሊቆይ ይችላል። በሠርግ ፎቶ ላይ ደግሞ እሱ ነው የሚታየው።

እናትየዋ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ተይው ልጄ፤ ዝንጉርጉር ከምሆን ዶክተሩ እንዳለው ይሁን» አሉ።

የማደንዘዣ ቅባት ቀባኋቸውና አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ዶክተሩ የመሣሪያውን ኃይል ዝቅ አድርጎ በቀጭኑ መርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። ጠስ የሚል ድምፅ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ፣ ከዚያ ግራጫ ቅርፊት። በቃ። ቫዝሊን እንዲቀቡ፣ ቅርፊቱን እንዳይልጡት፣ ጃንጥላ ሳይዙ እንዳይወጡ ነገርኳቸው። የጎንደር ፀሐይ ለተነካ ቆዳ ምሕረት የለውም።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ሳወጣ ድግስ መኖሩን ቀድሜ እጠይቃለሁ። ካለ ቀኑን ካርዱ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሠርጉ አልፎ እናትየዋ ተመለሱ። ሁለቱ ቦታ ጥርት ብሏል፤ ሦስተኛው ትንሽ ጠቁሯል። ዶክተሩ እሱን አይቶ ኃይሉን ይበልጥ ቀነሰና ቀኝ ጉንጫቸውን ጀመረ። የግራው ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። ዓይናቸው ሥር ያሉት፣ ቆዳው እዚያ ስስ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ይነሳሉ።