«ጧ!»

ዛሬም ቤቱ ጭር ብሏል። ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ታውቁት የለ፣ ያ ሰው ከሄደ ወዲህ እሁድ ማታ ሲመጣ እንዲህ ይጫጫነኛል። ሻይ አፍልቼ ስለዚሁ ልጽፍ ቁጭ አልኩ።

ትንሿ ሶፋው ላይ ተጋድማ ካርቱን ታያለች። አያቷ ስለተኛች ድምፁን አጥፍታዋለች። ግን መች ዝም አለች! ድመቷ ስትወድቅ በሹክሹክታ «ጧ!» ትላለች። በር ሲዘጋ «ድው!»። አንዳንዴ ትዘገያለች፣ ያኔ እሷም አትስቅም። ልቤን የወሰደው ይሄ ነው።

በ1928 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ እነ ዋልት ዲዝኒም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ሚኪ ማውስ የሚያፏጭበት «ስቲምቦት ዊሊ» የሚባለው ካርቱን ገና ድምፅ ሳይገባለት አንድ ማታ አንሶላ ሰቅለው ሞከሩት። ወንድሙ ሮይ፣ የማሽኑ ጩኸት እንዳይረብሽ ፕሮጀክተሩን ከመስኮቱ ውጭ አቁሞ ያሳያል። የስቱዲዮው ሠራተኛ ዊልፍሬድ ጃክሰን ሃርሞኒካ ይነፋል፣ ሠዓሊው አብ አይወርክስ ድስትና መጥበሻ ይደበድባል። ተመልካቾቹ ሚስቶቻቸው ናቸው። እነሱ ግን የራሳቸውን ወሬ ይዘው ነበር አሉ። ወደድኳቸው።

እናቱ ፒያኖ የምታስተምር ስለነበረች ሜትሮኖም፣ ያቺን ቀጭ ቀጭ እያለች የሙዚቃ ምት የምትጠብቅ መሣሪያ፣ ያመጣው ጃክሰን ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። በሰከንድ ሁለት ምት ከፈለግክ ታዲያ በየ12 ምስሉ አንድ ምት ይወድቃል ማለት ነው፤ ሚኪ መቼ እግሩን እንደሚያነሳ ገና ሳይሣል በሒሳብ ያልቃል። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር እንዲሁ በደመ ነፍስ የሚገጥም ይመስለኝ ነበር!

ኒውዮርክ ሄደው ሲቀዱት ኦርኬስትራው ከምስሉ ጋር አልሄድ አለ። ገንዘቡ አለቀ። ዋልት መኪናውን አሸጠ። ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ምቱን የምታሳይ የምትነጥር ኳስ ፊልሙ ላይ አደረጉ፣ መሪው እሷን እያየ መራ፣ ገጠመ። ኅዳር ላይ ሲኒማ ቤት ገባ። የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ካርቱን ነው የሚላችሁ ካለ ግን አትመኑት። ካርቱን ሠሪዎቹ ፍላይሸር ወንድማማቾች በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ያቺኑ የምትነጥር ኳስ በዘፈን ግጥም ላይ እያስሮጡ፣ አንዳንዶቹን በድምፅ ሠርተዋል። ሌላው ካርቱን ሠሪ ፖል ቴሪም በሳምንታት ቀድሞታል። ቢቀድሙስ? ሰው የሚያስታውሰው በሰዓቱ ጧ ያለውን ነው። (ይህን እኔ ስናገር እህቴ በሳቅ ትሞታለች። ምክንያቱን ታውቃለች።)

ስለምን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት? ሻዩም በርዷል። ትንሿ አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ ካርቱኑ ብቻውን ይሮጣል። ድመቷ ደግማ ከጣሪያ ወደቀች።

«ጧ!» አልኩ።

ዘገየሁ። ድመቷ ተነስታ ሄዳለች።