ጭምብሉን በቀን ብርሃን

ጥቅምት 19። ሃሎዊን፣ እዚህ አሜሪካ ልጆች ሌላ ነገር መስለው ለብሰው በየበሩ ከረሜላ የሚሰበስቡበት በዓል፣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ፊት ወጥቶለት ውስጡ መብራት የሚገባበት ዱባ የሚቀረጸው ዛሬ ነው። ቀደም ብሎ የተቀረጸ ዱባ በረንዳ ላይ ብዙ አይቆይም። አየሩ ሞቅ ካለ በሦስት በአራት ቀን ውስጡ ሻግቶ ፊቱ ይሟሽሻል፤ ሕፃን ደግሞ ስም ያወጣለት ዱባ ሲበሰብስ ማየት ይከብደዋል።

ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የዚህ በዓል ትልቁ ነገር ከረሜላው አይመስለኝም። አንዱ ነገር ሌላ ሲሆን ማየት ነው፤ ዱባው ፊት ሲያወጣ፣ እማዬ ድመት ስትሆን። ለውጡን ከመጀመሪያው ካዩት ይፈነድቃሉ፤ ተለውጦ ያለቀውን ድንገት ካገኙት ግን ይፈራሉ። ዝግጅቱን ሁሉ የማስበው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ዱባው መቀመጫው ጠፍጣፋ፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ይሁን። በአንገቱ አንጠልጥሎ መሸከም አይገባም፤ ይቀነጠስና የተቀነጠሰበት ቦታ ቶሎ ይበሰብሳል። ክዳኑ ሲቆረጥ ቢላዋው ወደ መሃል ጋደል ብሎ መግባት አለበት። ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ክዳን መልሰው ሲገጥሙት ውስጥ ይወድቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የልጁ ሥራ ነው። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ እጅጌ ይሰበሰባል፣ እጅ እስከ ክርን ይገባል። አንዳንዱ ልጅ ቀዝቃዛውንና የሚያሙለጨልጨውን ክር ሲነካ ይሰቀጥጠዋል፤ ጭልፋ ይሰጠው እንጂ አይገደድ። ፊቱ የሚወጣበት በኩል 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት እስኪቀረው በማንኪያ ይፋቃል። ከዚያ ከወፈረ መቁረጡ ያስቸግራል፣ ብርሃኑም በደንብ አይወጣም። ዓይንና አፉን ልጁ በማርከር ይሥላል፣ አዋቂ ጥርስ ባላት ትንሽ መጋዝ ይቆርጣል። የ3 ዓመት ልጅ የሣለው አንዱ ዓይን ግንባር ላይ፣ ሌላው ጉንጭ ላይ ቢያርፍ እንዳለ ይቆረጥ፤ ፊቱ የእሱ ነው። አዋቂው የሚያርመው አንድ ነገር ቢኖር በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቢያንስ የጣት ስፋት መተውን ነው፤ አለዚያ ተሰብሮ አንድ ቀዳዳ ይሆናል። የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ሲቀቡት ቶሎ አይደርቅም። ውስጡ የሚገባው በባትሪ የሚሠራ ሻማ ነው፤ የሚንዘረፈፍ ልብስ የለበሰ ልጅ ባለበት እሳት አይቀመጥም።

ፍሬው አይጣልም። ታጥቦ በጨርቅ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ከገባ በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይቆላም። ለ2 ኩባያ ፍሬ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ኦቨን በ300 ዲግሪ ፋራናይት፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ እያገላበጡ። ይህ ለትልልቆቹ ነው፣ ከ4 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል። የሚቀረጸው ትልቁ ዱባ ደግሞ ውሃና ክር ስለሚበዛበት ለዱባ ወጥ አይሆንም፤ ለወጥ ትንሿን ጣፋጭ ዱባ ለብቻ መግዛት ይሻላል።

ጭምብልን በተመለከተ፣ ትንሽ ልጅ ከሥሩ ያለው ሰው ያው መሆኑን ገና በደንብ አይረዳም። ስለዚህ ጭምብሉ ከቀናት በፊት በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ልጁ ያገላብጠው፣ በዓይኑ ቀዳዳ ጣቱን ያሾልክ፣ በእናቱ ፊት ላይ ራሱ ያድርገው፣ ራሱም ያንሳው። ማንሳቱ ነው ዋናው። ለልጁ ለራሱ ግን ከጭምብል የፊት ቀለም ይመረጣል፣ ጭምብል እየተንሸራተተ ደረጃውን ይጋርድበታል። ቀለሙን ከአንድ ቀን በፊት ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብቶ ቆዳው እንዳይቆጣ ማየት ያስፈልጋል። ልብሱ ከጃኬት በላይ የሚለበስ ስለሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፤ ጫፉ ግን ከቁርጭምጭሚት አይውረድ።

ሃሎዊን የሚውልበት ጥቅምት 21 ማርያም ናት። የሰይጣንና የአጽም ልብስ ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ወላጆች ስሜት ይገባኛል። ንብ፣ አንበሳ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኖ መውጣት ይቻላል፤ ለ3 ዓመት ልጅ ደስታው ያው ነው።

በየበሩ መሄዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሆያ ሆዬ አለን። ልዩነቱ በቡሄ ልጆቹ ጨፍረውና መርቀው ሙልሙል ይቀበላሉ፣ እዚህ ግን «ትሪክ ኦር ትሪት» (ከረሜላ ወይስ ተንኮል እንደማለት) ማለት ይበቃል። እሷንም ቢሆን የማያውቁት ሰው በር ሲከፍት ትጠፋባቸዋለች። መኝታ ቤት በር ላይ ሁለት ሦስት ማታ መለማመድ ይረዳል፦ አንዱ ያንኳኳል፣ ሌላው ይከፍታል፣ አንድ ከረሜላ ይወሰዳል፣ «አመሰግናለሁ» ይባላል፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ።

በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ለትንንሾቹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት፣ አምስት ስድስት ቤት ማዳረስ ይበቃል። የሚንኳኳው የበረንዳው መብራት የበራ ቤት ብቻ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ የተደባለቀበት ዱባ ደጃፉ ላይ ካለ፣ አለርጂ ላለበት ልጅ ከምግብ ውጭ የሆነ ስጦታ አለ ማለት ነው። ዋናው ስጋት መኪና ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ1975 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ያለውን ሲያጠና፣ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ እግረኛ ልጆች በሌላው ቀን በአማካይ 1 ሲሆኑ በሃሎዊን ምሽት 4 ነበሩ። እጅ ለእጅ መያያዝ፣ የእጅ ባትሪ መያዝ፣ ጀርባቸው ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር መለጠፍ፤ በቆሙ መኪኖች መሃል ደግሞ ፈጽሞ አለመሻገር።

ቤት ሲገባ ከረሜላው ጠረጴዛ ላይ ይዘርገፍ። ጠንካራ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ካራሜልና ለውዝ ያለበት ከ4 ዓመት በታች ላለው አይሰጥም፣ ማሸጊያው የተከፈተ ይጣላል። ልጁ በቀለም በቀለም ይለይ፣ ሁለት ይምረጥና ይብላ።

የፊቱ ቀለም መስታወት ፊት ነው የሚለቀቀው፤ ዘይት በነካ ጥጥ፣ ከግንባሩ ጀምሮ፣ በቀስታ። መጀመሪያ የድመቷ ጢም ይሄዳል፣ ቀጥሎ አፍንጫዋ፤ ጥጡን ለልጁ ሰጥቶ የቀረውን ጉንጭ ራሱ እንዲጠርግ መተው።