ለጂኦካቺንግ ወዳጅ ስጦታ ስትመርጡ ከሣጥኑ በፊት መሬቱን ጠይቁ

ባለቤቴ ጂኦካቺንግ የሚባለውን የፍለጋ ጨዋታ አጥብቆ ይወዳል። የምንኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙም ሳንርቅ ስለሆነ በየመናፈሻውና በየወንዙ ዳር የተደበቁ ሣጥኖች ሞልተዋል፤ የዕረፍት ቀኑም የሚያልፈው እነሱን በመፈለግ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ መያዣ ውስጥ የመፈረሚያ መዝገብ አድርጎ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን በካርታ ላይ የሚያመለክቱትን ቁጥሮች፣ በድረ ገጽ ያወጣል፤ ሌሎች በስልክ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ እየተመሩ ሄደው ይፈልጉታል፣ ሲያገኙት ይፈርማሉ፣ ከዚያም በነበረበት ቦታ ይመልሱታል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆኑ ስጦታዎች አብዛኞቹ በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። አንዱ ግን ለወራት ከቢሮ ወደ ቢሮ አንከራተተኝ፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቀላሉን በቅድሚያ ልጨርስ። ፈላጊው በየጊዜው የሚቸገርበትን ነገር ካያችሁ ስጦታው ራሱ ይነግራችኋል። ስልኩ ጫካ ውስጥ ስለሚዘጋበት ጥሩ ፓወር ባንክ ስጡት። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለማየት ሁለቱም እጆቹ ነጻ እንዲሆኑ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ያስፈልገዋል። ጣት ከማያስገቡ ትናንሽ ብልቃጦች ውስጥ የተጠቀለለውን መዝገብ ለማውጣት ረዘም ያለና ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ወደ ውስጥ የገባ ብረት ነክ መያዣ ለመሳብ ደግሞ እንደ አንቴና የሚረዝም ማግኔት ይጠቅማል። ውድ እስክሪብቶ አትግዙ፤ በረጠበ ወረቀት ላይ ቀለሙ አይይዝም፣ እርሳስ ግን ይጽፋል። በድረ ገጹ የሚከፈለውን የአባልነት ዓመታዊ ክፍያ መሸፈንም ጥሩ ስጦታ ነው፤ ለከፋዮች ብቻ የሚታዩ ሣጥኖች አሉ፣ አዲስ ሣጥን በአካባቢው ሲወጣም ወዲያውኑ መልእክት ይደርሳል። ይህ የመልእክት ጉዳይ በኋላ በእኔ ታሪክ ውስጥ ይመለሳል።

በጂፒኤስ መሣሪያ ላይ ያለኝ አቋም ሻጮች ከሚሉት የተለየ ነው። ለመፈለግ ብቻ ከሆነ ዛሬ ስልክ ይበቃል፤ ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አትግዙ። መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው ፈላጊው ራሱ መደበቅ ሲጀምር ነው። ደባቂ የሚያወጣው ኮኦርዲኔት የተሳሳተ ከሆነ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቁጥቋጦውን ሲረግጥ ይውላል፤ እንደ ጋርሚን ያሉት መሣሪያዎች ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ ደጋግመው ለክተው አማካዩን የመውሰድ ችሎታ አላቸው። ለረጅም ጉዞም ቢሆን፣ በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ኢትሬክስ የተባለው የጋርሚን ሞዴል ድንጋዩ ሲያልቅ ከማንኛውም ሱቅ በተገዛ ሌላ ስለሚተካ እኔ ከውዱ ሞዴል አስበልጠዋለሁ።

ስለ መዥገር ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ፤ ከሁሉም አስቀድማችሁ ይህን ግዙ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጫካዎች መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባለው በሽታ የተለመደ ነው፤ ጂኦካቺንግ ደግሞ ሰውን ከመንገድ አውጥቶ ወደ ረጅም ሣርና ወደ ወደቀ ግንድ የሚወስድ ጨዋታ ነው። ፐርሜትሪን በተባለው የመዥገር መድኃኒት የተነከረ ሱሪና ካልሲ፣ ወይም በልብስ ላይ የሚረጨው ፈሳሽ፣ በበዓል ቀን ሲከፈት ደስ የሚል ስጦታ አይመስልም፤ ሆኖም ባለቤቴ እስከ ዛሬ ከሰጠሁት ሁሉ አዘውትሮ የሚጠቀመው እሱን ነው። ፈሳሹ ለቆዳ ሳይሆን ለልብስ ብቻ የሚሆን መሆኑን፣ እርጥብ ሳለ ደግሞ ለድመት መርዝ መሆኑን አትርሱ።

በየሣጥኑ ውስጥ ስለሚቀያየሩት ትናንሽ ዕቃዎች የተለመደው መመሪያ አንድ ነገር የወሰደ በዋጋ የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ነገር ይተካ ይላል። እኔ ግን ለልጆች ካልሆነ በቀር ለዚህ የሚሆን ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ፤ ፊርማ ይበቃል። የሚበላ ነገርማ ፈጽሞ አይገባም፤ አውሬ ሽታውን ተከትሎ ሣጥኑን ይሰብረዋል። የጨዋታው የመጀመሪያ ሣጥን፣ ዴቭ አልመር እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000 በኦሪገን ጫካ የደበቀው ጥቁር ባልዲ፣ የባቄላ ቆርቆሮ ነበረበት፤ ይህ ዛሬ አይፈቀድም። የመለያ ቁጥር ያላቸውና ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚጓዙት ሳንቲሞችና ሠሌዳዎች ግን የሚያምሩ ስጦታዎች ናቸው። ለባለቤቴ አንዱን ሠሌዳ ከትንሽ የእንጨት ጀበና ጋር አስሬ፣ ግቡ አዲስ አበባ መድረስ እንዲሆን አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። ሠሌዳው የሚሸጠው ከቅጂው ጋር ስለሆነ አንዱ ቤት ይቀራል፤ ውዱን ሳንቲም ግን የትም አትልኩት፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት በፕላስቲክ አሽጋችሁ እሱን አስጉዙ። ሳንቲም የሚያገኝ ሰው ሁሉ ታማኝ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለአምሳኛ ዓመቱ ከዕቃ የተሻለ ነገር ልሰጠው ፈለግሁ፤ እዚህ አገር እንደመጣን በተከራየነው ቤት አጠገብ፣ ልጆቻችንን ይዘን እንመላለስበት በነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ፣ በእሱ ስም የሚጠራ ሣጥን መደበቅ። ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ቀን የራሳቸው ሣጥን እንዲኖራቸው ይመኛሉ፤ እሱም ይህን ደጋግሞ ሲያነሣ ሰምቻለሁ። ያነበብኳቸው ምክሮች በሙሉ የሚጀምሩት ከመያዣው ነበር። ስለዚህ የላስቲክ ማሸጊያው ደህና የሆነ የጥይት ሣጥን ገዛሁ፣ በላዩ የነበረውን የወታደር ጽሑፍ ፍቄ አጠፋሁና አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ ዝናብ የማያበሰብሰው ወረቀት ያለው መዝገብና እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አስገባሁበት። ከዚያም መሬቱን ወደሚያስተዳድረው የመናፈሻ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ላክሁ።

መልስ አልመጣም። ስደውል ጉዳዩን የሚይዘው ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል መዛወሩንና ማመልከቻውን እንደገና መላክ እንዳለብኝ ተነገረኝ። እንደገና ላክሁ። በዚህ ጊዜ የቦታውን ፎቶግራፍ ጠየቁ፤ ላክሁ። ቀጥሎ መያዣው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ይህም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ብረት መሆኑን ስነግራቸው ብረት አይፈቀድም፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን አሉ። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ዌዘርቢ ከተማ አንድ የተደበቀ ሣጥን ቦምብ መስሎ አካባቢው ከተዘጋ በኋላ የጦር ሠራዊት ባለሙያዎች አፈንድተውታል። የማይገባኝ፣ ይህን ያህል የሚያስፈራቸው ነገር በማመልከቻው ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንኳ ያልተሰጠው ለምን እንደሆነ ነው። ያ መስመር ቢኖር ሣጥኑን አልገዛም ነበር።

ፕላስቲኩን ገዝቼ ስመለስ አዲስ ጥያቄ ጠበቀኝ። ፈቃዱ የሚሰጠው ሣጥኑን ለሚንከባከበው ሰው ስለሆነ ባለቤቴ ራሱ መፈረም አለበት ተባለ። ስጦታ መሆኑን፣ ከእሱ የተሰወረ መሆኑን፣ እስኪሰጠው ድረስ ኃላፊነቱን በጽሑፍ እንደምወስድ አስረዳሁ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሁት ነበረች፤ ግን ለመወሰን ሥልጣን አልነበራትም፣ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ደግሞ ስልክ አያነሣም ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ የእኔ ፊርማ ይበቃል ተባለ። ደስ ብሎኝ ቀን ስቆርጥ፣ በመጨረሻው ደብዳቤያቸው ላይ የመረጥሁት የወንዝ ዳርቻ ጭራሽ በእነርሱ አስተዳደር ሥር እንዳልሆነና የፌደራል መንግሥት መሬት እንደሆነ ጻፉልኝ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ይከነክነኛል። ኮኦርዲኔቱ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ በእጃቸው ነበር። ስለ መያዣው፣ ስለ ፎቶግራፉና ስለ ፊርማው ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ካርታ ገልጠው ቢያዩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ የአንድ ወንዝ መናፈሻ ክፍሉ የፌደራል፣ ክፍሉ የአካባቢ አስተዳደር መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሮክ ክሪክ ራሱ ከከተማው ወሰን ሲያልፍ አስተዳዳሪው ይለወጣል። ይህን ተራ ነዋሪ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ደመወዝ የሚከፈለው የመናፈሻ ሠራተኛ ግን ሊያውቀው ይገባል።

የፌደራሉ ቢሮ ፈጥኖ መለሰልኝ፤ መልሱ አይቻልም የሚል ነበር። በብሔራዊ ፓርኮች ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ የተቀመጠ ሣጥን እንደተጣለ ንብረት ይቆጠራል። ያነጋገረኝ ሠራተኛ ኧርዝካሽ የሚባለውን ዓይነት እንድሞክር ሐሳብ ሰጠኝ፤ ይህ መያዣ የሌለው፣ ፈላጊው ስለ ቦታው ዓለትና አፈር ጥያቄ የሚመልስበት ዓይነት ነው። እኔ ግን ባለቤቴ በእጁ የሚከፍተው ነገር እንዲኖር ስለፈለግሁ ተውሁት። ቢያንስ ግልጽ መልስ ሰጥተውኛል፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያም ቦታውን በመንገዱ ወደ ላይ አዛውሬ፣ ያለ ጥርጥር በአካባቢው አስተዳደር መሬት ላይ ወዳለ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ወሰድሁት፤ ፈቃዱም ወጣ። ሣጥኑን ደብቄ በድረ ገጹ ስመዘግበው፣ ሣጥኖች ከመውጣታቸው በፊት የሚመረምራቸው በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ መለሰብኝ። በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት፤ በካርታው ላይ በዙሪያዬ ምንም አልነበረም፣ ነገር ግን አንድ በእንቆቅልሽ የሚገኝ ሣጥን ትክክለኛ ማረፊያው ከእኔ ዛፍ ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። የእንቆቅልሽ ሣጥን ማረፊያ እንቆቅልሹን ለፈታ ብቻ ስለሚገለጥ በካርታ ላይ ልታዩት አትችሉም። ስለዚህ ፈቃዱ ለሌላ ነጥብ እንዲለወጥልኝ እንደገና ደጅ ጠናሁ።

የተለመደው ምክር መያዣ አዘጋጁ፣ ቦታ ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ለገምጋሚው አቅርቡ የሚል ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ። መጀመሪያ በአካባቢው አስተዳደር የመሬት ካርታ ላይ የቦታውን ባለቤት እወቁ፤ ካርታዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ቀጥሎ በድረ ገጹ ባዶ ገጽ ከፍታችሁ ኮኦርዲኔቱን ብቻ አስገቡና ገምጋሚው ቦታው ነጻ መሆኑን እንዲያይላችሁ ጻፉለት፤ ይህን ያደርጉላችኋል። ነጻ ነው ሲላችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ስትጠይቁም የትኛውን መያዣ እንደሚቀበሉ በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ሣጥን የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በስልክ የተነገራችሁን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩላቸው፤ ሠራተኛው ቢዛወር እንኳ ጽሑፉ ይቀራል።

ስጦታውን ሰውሮ የማቆየቱ ጉዳይ በመጨረሻ የተፈታው እንዲህ ነው። በራሴ ስም መለያ ከፍቼ ሣጥኑን በእኔ ስም አስወጣሁት፤ ድረ ገጹ የወጣ ሣጥን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ እንዲተላለፍ ስለሚፈቅድ በኋላ ለእሱ አስተላለፍሁለት። አዲስ ሣጥን መውጣቱን የሚገልጸው መልእክት በልደቱ ማለዳ ስልኩ ላይ ሲደርስ፣ ከሌሎች ቀድሞ ለመፈረም ቁርሱን ሳይበላ ወጣ። ቀድሞም ደረሰ፤ በባዶው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእኔን ጽሑፍ አገኘ። እንደዚያ ቀን ሲደሰት አይቼው አላውቅም፤ በዚህ ስጦታም እኮራለሁ።

አንድ ነገር ግን ገና አላለቀም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው፤ የተሰጠውም በእኔ ስም ሲሆን ሣጥኑ ዛሬ የእሱ ነው። ስሙ እንዲዛወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። የእናንተ ስጦታ ተቀባይ መሬቱ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም እንዲረከብ፣ ፈቃዱን ስትጠይቁ የሁለታችሁም ስም በአንድ ላይ እንዲጻፍ ከመጀመሪያው አመልክቱ።