ኤንኪዱ የረገመው በር

አባቴ አናጺ ነው። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ዝናብ ሲመታው የዝግባ ሰጋቱራ ይሸት ነበር። ለዚህም ይሆናል፣ የጥንቱን የሜሶጶጣሚያ ንጉሥ የጊልጋሜሽን ታሪክ ሳነብ ልቤ የሚቀረው ንጉሡ ሞትን ሽሽት ከሚንከራተትበት ሳይሆን ከዝግባው ጫካ ውስጥ ነው። (የመጽሐፍ ቅዱሱ የሊባኖስ ዝግባ ከእኛው ዝግባ ጋር ስም እንጂ ዘር አይጋራም። በእኔ አፍንጫ ግን አንድ ናቸው።)

የጊልጋሜሽ ጓደኛ የሚሆነው ኤንኪዱ የዱር ልጅ ነው። ከሚዳቋዎች ጋር ሣር ይግጣል፣ አብሯቸው ውሃ ይወርዳል። ልታላምደው ከተላከችው ሴት ከሻምሃት ጋር ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ከርሞ ወደ መንጋው ሲመለስ ሚዳቋዎቹ አይተውት ሸሹ። እዚህ ላይ ሁሌም ሆዴ ይባባል። የባሰው ግን ገና ነው፤ ሁለቱ ወደ ዝግባው ጫካ ዘምተው የጫካው ጠባቂ ሁምባባ ተይዞ ሲማጸን፣ አማልክቱ ሳይሰሙ ቶሎ ጨርሰው እያለ ጊልጋሜሽን የገፋፋው ይኸው የዱር ልጅ ነው።

ሁምባባን ድሮ የማስበው እንደ ጭራቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢራቅ ኩርዲስታን የሚገኘው የሱለይማኒያ ሙዚየም የዚህ ታሪክ ክፍል የተጻፈበት አንድ የሸክላ ጽላት ገዛ፤ ተመራማሪዎቹ ፋሩክ አል-ራዊና አንድሩ ጆርጅ አንብበው በ2014 አሳተሙት። በዚያ ጽላት ጫካው ድምፅ አለው። ርግቦች ያንጎራጉራሉ፣ እናት ጦጣዎች ይዘፍናሉ፣ ግልገሎቻቸው ይንጫጫሉ፤ ይህ ሁሉ በየቀኑ በሁምባባ ፊት እንደ አዝማሪ ዜማ ይሰማል። ያን ካነበብኩ ወዲህ የሁምባባን መገደል እንደ ጀግንነት ማንበብ አልቻልኩም።

ዛፉ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ኤንኪዱ ራሱ ደነገጠ። ጫካውን ምድረ በዳ አደረግነው፣ ኒፑር ከተማ ላይ ለአምላኩ ለኤንሊል ምን ብለን እንመልሳለን አለ። ከረጅሙ ዝግባ ለኤንሊል ቤተ መቅደስ በር ሠራ፤ በኤፍራጥስ ላይ አንሳፍፈው ወሰዱት። በኋላ አማልክቱ ሞት ሲፈርዱበት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ያን በር እንደ ሰው እያናገረ ረገመው። እንዲህ እንደምትሆን ባውቅ ኖሮ ምሳር አንስቼ በቆራረጥኩህ ነበር ይለዋል። በገዛ እጁ የጠረበውን!

ባለፈው ሳምንት ይህን በስልክ ለአባቴ አወራሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«ልኩን ይናገራል?» አለኝ።

«ቁመቱ 72 ክንድ፣ ወርዱ 24 ክንድ፣ ውፍረቱ አንድ ክንድ።»

ረዘም ላለ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ሲያሰላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲያሰላ ይተነፍሳል።

«አንድ ክንድ ውፍረት!» አለ በመጨረሻ። «ልጄ፣ ያ ዛፍ ስንት ዘመን ቆሞ ኖሯል?»