«ባለ መቶው!»

ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ በአንድ የጥገና ሱቅ እሠራ ነበር። ገና ሦስተኛ ዓመቴ ቢሆንም ራሴን እንደ ኢንጂነር ነበር የምቆጥረው። አለቃዬን ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ብዙ አያወሩም።

ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ በሆነበት ሰሞን፣ ድንኳንና ሳውንድ የሚያከራይ ደንበኛችን ሁለት ሞንታርቦ ጭኖ መጣ። (ስሙ የአንድ ጣሊያን ኩባንያ ነው። እኛ ጋ ግን ትልቅ ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ ነው፤ ማንም ይሥራው።)

«ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ» አለኝ።

ፈታኋቸው። የሁለቱም ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ተቃጥሏል። ለወጥኩለትና ምክር ጨመርኩለት፤ ማን ጠየቀኝ?

«አምፕህ ስንት ዋት ነው?»

«በቻናል 500።» (አምፕ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከር የሚልከው ማሽን ነው፤ ቻናል ደግሞ አንዱ መውጫው።)

«ስፒከሩስ?»

«300።»

«በዛበታ! ባለ 100 ያዝ፣ ምንም አይነካውም።»

አመነኝ። ከጓደኛው ባለ 100 ዋት አምፕ ተዋሰ። በሳምንቱ ሁለቱም ትዊተር ተቃጥሎ ተመለሰ።

«ልጆችህ ነካክተውት ነው» አልኩት።

«ወንድሜ፣ አንተ ያልከኝን ነው ያደረግኩት!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ከጓዳ ብቅ አሉ። ማናችንንም አልተቆጡም። ቀጣዩ ሠርግ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። እሑድ፣ ኮቺ። ትዊተሮቹን እንደገና ለወጥኩና እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ከዲጄው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እስከ ምሳ ሰላም ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ ጭፈራው ሲደራ ዲጄው ቮልዩሙን መጨረሻ አደረሰው። አምፑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም አለች፤ ከዚያ በርታ ቀረች። የዘፋኙ «ሰ» እንደ አሸዋ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ዲጄው «ዛሬ ኃይለኛ ሳውንድ ነው» አለኝ። እኔ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ያቺ መብራት ለጌጥ የተሠራች መሰለህ? አሁኑኑ አስቀንሰው» አሉኝ።

ማግስቱን ቡና እየጠጣን አስረዱኝ። ድምፅ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው እንደ ኮረብታ ከፍ ዝቅ እያለ ነው። አምፑ አቅሙ ሲያልቅ የኮረብታውን አናት ይቆርጠዋል። «የጅሬንን ኮረብታ ቆርጠህ ጠረጴዛ አደረግከው በለው» አሉ። ያ የተቆረጠ ጠርዝ በሙዚቃው ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል፤ እሱም ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ በሚለየው ክሮስኦቨር በኩል ወደ ትዊተር ይሄዳል። የቤዙ ስፒከር ኮይል (የተጠቀለለው ሽቦ) ወፍራም ነው፣ ይችለዋል። የትዊተሩ ሽቦ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በዚያ ላይ ባለ 100 ዋት አምፕ አናቱን ጨርሶ ሲቆርጥ እስከ 200 ዋት ይገፋል።

«እሺ፣ መጀመሪያ በባለ 500 ለምን ተቃጠለ?» አልኩ።

ደንበኛውን በስልክ ጠየቁት። ለካ አንድ ሚዜ ማይክ ይዞ ስፒከሩ ፊት ሲጨፍር ያ ጆሮ የሚወጋ ፉጨት ደጋግሞ ጮኾ ነበር። ትዊተሩን ያቃጠለው ፉጨቱ ነው፤ አምፑ ንፁህ ነው። ቀድሜ ይህን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ…

ባለ 500ው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀይዋ መብራት እንዳትበራ፣ ማይክ የያዘም ሰው ከስፒከሩ ፊት እንዳይቆም ለዲጄው ተነገረው። ደንበኛው ግን «ድምፁ እጥፍ ይሁንልኝ» ብሎ ሌላ አምፕ ሊገዛ ተነሳ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ይሰማል እንጂ እጥፍ አይለውም። ይልቅ ሁለት ስፒከር ጨምረህ ድንኳኑ ውስጥ በትናቸው አልነው። ጨመረ። ከዚያ አራቱንም አንድ ቻናል ላይ ሊሰካቸው ሲል ደረስኩበት። እያንዳንዳቸው 8 ኦም ናቸው (ኦም ሲያንስ አምፑ ላይ ጫናው ይበዛል)። አራቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ የአምፑ ጀርባ ላይ ደግሞ ዝቅተኛው 4 ኦም ነው ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ሁለት አድርጌ በሁለቱ ቻናል ከፈልኳቸው። ይቺ እንኳ ለእኔ ትቆጠርልኝ።

የሁለተኛው ዙር ትዊተር ሒሳብ ከደሞዜ ተቆረጠ። ደንበኛው አሁንም በሱቁ በር ሲያልፍ ስሜን አይጠራም። «ባለ መቶው!» ነው የሚለኝ።